መሃል መንገዱ ለማን? ከኩሪቲባ እስከ ጀሞ

አንድ ምሽት ከሥራ መውጫ ሰዓት በኋላ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ቆሜ ወደ ጀሞ የሚሄደውን ሰልፍ ቆጠርኩ። ሰልፉ ከታክሲ ተራው ይነሳል፣ በሱቆቹ ደጃፍ ያልፋል፣ ታጥፎ ይመለሳል። ሚኒባስ ሲደርስ ተራ አስከባሪው አሥራ ሁለት ሰው ቆጥሮ ያስገባል፤ ረዳቱ በሩን ስቦ ይዘጋል፤ የቀረው ሰው ጥቂት እርምጃ ተጠግቶ እንደገና ይቆማል። መቶ ስልሳኛው ሰው ላይ ስደርስ መቁጠሬን ተውኩ። ያንን ሁሉ ሰው ለማንሳት አሥራ አራት ሚኒባስ መምጣት አለበት። ከሰልፈኛው ፊት ያለው መንገድ ደግሞ በመኪና ጢም ብሏል፤ በአብዛኛው መኪና ውስጥ ያለው ሰው አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። የሚጠበቁት ሚኒባሶችም የዘገዩት በእነዚሁ መኪኖች መሃል ተቀርቅረው ነው።

መቶ ስልሳ ሰው፣ በመሃሉ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ አንድ ረጅም አውቶቡስ የሚጭነው ሰው ነው። አውቶቡሱ ብቻውን ቢመጣ ግን ምንም አይፈይድም፤ እሱም እንደ ሚኒባሱ እዚያው መኪና መሃል ይቆማል። የሚፈይደው የራሱ መንገድ ሲኖረው ነው። የእኛ ሰው «ቢአርቲ» እያለ የሚጠራው ፈጣን የአውቶቡስ ትራንስፖርት ምሥጢሩ ይኸው ነው። ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ከላቲን አሜሪካ እስከ እስያ፣ ከእስያ እስከ አፍሪካ ከተሞች ይህንን ሲሞክሩ ሁለት ጥያቄ ሳይመልስ ያለፈ አላየሁም። የመንገዱ መሃል ለማን ይሰጣል? እስከዛሬ ከተማዋን ሲያመላልሱ የኖሩት ባለታክሲዎች፣ ሾፌሮችና ረዳቶችስ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ወንበር አላቸው? ከተሞቹ የተለያዩት በአውቶቡሳቸው ዓይነት ሳይሆን ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በሰጡት መልስ ነው። (በዚህ ቅኝት ውስጥ ዘመን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አሠራሩን በቅድሚያ እንየው። በተለመደው የከተማ አውቶቡስ ጊዜ የሚባክነው በጉዞ ብቻ አይደለም፤ ፌርማታ ላይም ነው። ተሳፋሪው በአንድ በር ደረጃ ወጥቶ ይገባል፣ ገንዘብ ያወጣል፣ መልስ ይቀበላል። ለአንድ ሰው ሦስት ሰከንድ ብቻ ብንይዝ ስልሳ ሰው ለማሳፈር ሦስት ደቂቃ ያልፋል፤ አሥር ፌርማታ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። ቢአርቲ ይህንን በቀላል ዘዴ ይቆርጠዋል። ትኬቱ የሚከፈለው ከአውቶቡሱ ውጭ፣ ጣቢያው መግቢያ ላይ ነው። የጣቢያው ወለልና የአውቶቡሱ ወለል እኩል ከፍታ ስላላቸው አሮጊቷም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰውም ሰው ደረጃ ሳይወጣ ይሻገራል። ሦስት አራት ሰፋፊ በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። አውቶቡሱ ሃያ ወይም ሠላሳ ሰከንድ ቆሞ ይነሳል።

ረድፉ መሃል ላይ የሚሆንበትም ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ውስጥ የማንኛውም መንገድ ቀኝ ጠርዝ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ሚኒባስ ይቆምበታል፣ አይሱዙ ዕቃ ያወርድበታል፣ ወደ ግቢ የሚታጠፍ መኪና ይዘጋዋል፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው የሚጠራቀመውም እዚያው ነው። ለአውቶቡስ ተብሎ በጠርዝ በኩል የተቀባ መስመር በየከተማው በሳምንታት ውስጥ የሁሉም ሰው መቆሚያ የሚሆነው ለዚህ ነው። መሃሉን ግን ማንም ለማቆሚያ አይፈልገውም፤ የሚፈልገው ለመንዳት ነው። ስለዚህ መሃሉን ለአውቶቡስ መስጠት ማለት በግልጽ ከአሽከርካሪው ወስዶ መስጠት ማለት ነው። የኢንጂነሪንጉ ሥራ ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ይህ መውሰድ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በደቡባዊ ብራዚል፣ የፓራና ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ኩሪቲባ ነው። እርግጥ ከእሷ በፊት በእንግሊዟ ራንኮርን በ1971 ለአውቶቡስ ብቻ የተሠራ መንገድ ነበር፤ የፔሩዋ ሊማም በጥቂት ዓመት ቀድማ ሞክራለች። ነገር ግን አውቶቡስን የአንድ ከተማ አጥንት ያደረገችው ኩሪቲባ ናት። በ1960ዎቹ ነዋሪዋ በፍጥነት እየበዛ ነበር፣ መኪናም እንደዚያው፤ የድሮው ፕላን ደግሞ መንገድ ማስፋትና አሮጌ ቤቶችን መደርመስ ነበር ያቀደው። በ1965 የተቋቋመው የከተማዋ የፕላን ኢንስቲትዩት ይህንን ተቃውሞ ሌላ ሐሳብ ይዞ ተነሳ። ከዚያ ተቋም ከወጡት ወጣት አርክቴክቶች አንዱ ዣይሜ ሌርነር በ1971 ከንቲባ ሆኖ ተሾመ። የወቅቱ ብራዚል በወታደራዊ መንግሥት ሥር ስለነበረች ሕዝብ አልመረጠውም፤ ይህንን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፣ ሥራው በፍጥነት የሄደበት አንዱ ምክንያት ነውና።

የሌርነር የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ አውቶቡስ አልነበረም፤ ጎዳና መዝጋት ነበር። በ1972 የመሃል ከተማውን ዋና የንግድ ጎዳና ከመኪና ነጥቆ ለእግረኛ ሰጠው። ነጋዴዎቹ ገበያችን ይሞታል ብለው ፍርድ ቤት እንደሚሄዱ ስላወቀ ሥራው ከዓርብ ማታ ተጀምሮ በሦስት ቀን እንዲያልቅ አደረገ፤ ሰኞ ሲመጣ ጎዳናው ድንጋይ ተነጥፎበት፣ አበባ ተተክሎበት ነበር። ቀጥሎ የመኪና ባለቤቶች ተሰባስበው በኃይል ሊነዱበት ዛቱ። የከተማው አስተዳደር ፖሊስ አላሰለፈም። ጎዳናው ላይ ረጅም ወረቀት ዘረጋ፣ ሕፃናትን ጠርቶ ቀለም ሰጣቸው። አሽከርካሪዎቹ ሲደርሱ መንገዱ ሥዕል በሚሥሉ ልጆች ተሞልቷል። ተመለሱ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚገርመኝ ሥዕሉ ሳይሆን ጥድፊያው ነው፤ ሕዝቡ ውጤቱን በዓይኑ ሳያይ የሚደረግ ክርክር የትም እንደማይደርስ ሰውየው ገብቶታል።

በ1974 የመጀመሪያዎቹ የአውቶቡስ ብቻ መንገዶች ሥራ ጀመሩ። የጎዳናው መሃል ለአውቶቡስ ሆነ፤ በግራና በቀኙ በዝግታ የሚነዱ የሰፈር መኪኖች ይሄዳሉ፤ ሩቅ የሚሄደው መኪና ደግሞ አንድ ብሎክ ወዲህና ወዲያ ባሉ ባለአንድ አቅጣጫ መንገዶች ይጓዛል። ዋናው ብልሃት ግን ከመንገዱ ጎን ነው። ረጅም ፎቅ የሚፈቀደው በእነዚህ መስመሮች ዳር ብቻ እንዲሆን ደነገጉ። ስለዚህ ብዙ ሕዝብ የሚኖረው አውቶቡሱ በሚያልፍበት ሆነ፤ አውቶቡሱም ሰው ፍለጋ አይዞርም። ዛሬ ኩሪቲባን ከአየር ላይ ያያት ሰው የአውቶቡስ መስመሮቿን በፎቆቹ ሰልፍ ብቻ ለይቶ ማወቅ ይችላል። እኛ ኮንዶሚኒየሞቻችንን ከከተማ ዳር ወስደን ከሠራን በኋላ ነው ትራንስፖርት ፍለጋ የወጣነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፣ ዋጋውንም በየማለዳው የሚከፍለው ነዋሪው ነው።

ሥርዓቱ በአንድ ቀን አልተሟላም። በ1980 አንድ ወጥ ታሪፍ መጣ፤ አጭር መንገድ የሚሄደው ሰው ከከተማ ዳር ለሚመጣው ድሃ በተዘዋዋሪ ከፈለለት። ለአውቶቡስ ኩባንያዎቹ የሚከፈለው በጫኑት ሰው ብዛት መሆኑ ቀርቶ በሄዱት ኪሎ ሜትር ሆነ። ከዚያ በ1991 እንደ ቱቦ ክብ የሆኑ የመስታወት ጣቢያዎች ተተከሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ የሚታጠፉ፣ 270 ሰው የሚጭኑ አውቶቡሶች መጡ። ከንቲባው አውቶቡስን የመረጠው በአንዱ ኪሎ ሜትር ባቡር ገንዘብ ብዙ ኪሎ ሜትር የአውቶቡስ መንገድ እንደሚወጣው አስልቶ ነው። ኩሪቲባ ገነት አልሆነችም። ኋላ ላይ ተሳፋሪዋ ቀንሷል፣ የመኪናዋም ቁጥር ከብራዚል ትልልቅ ከተሞች ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት ነው። ሥርዓትን ማቆም አንድ ነገር ነው፣ በየዓመቱ እያደሱ ማቆየት ሌላ።

ሐሳቡ ለሃያ ዓመት ያህል ከብራዚል ብዙም አልራቀም። የኢኳዶሯ ኪቶ በ1995 በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሄዱ ትሮሊ አውቶቡሶችን በራሳቸው ረድፍ አስነሳች። ኪቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ላይ ያለች የተራራ ከተማ ናት። ቀጭን አየር የናፍጣ ሞተርን ጉልበት ይሰርቀዋል፤ ኤሌክትሪክን ግን አይነካውም። ከእንጦጦ ሥር የምንኖር ሰዎች ይህችን ነጥብ ልንይዛት ይገባል።

ከዚያ ቦጎታ መጣች። የኮሎምቢያዋ ዋና ከተማም ደጋ ናት፣ 2,600 ሜትር ገደማ፤ ብርድ ያለባት፣ ዝናብ የሚወዳት። በ1990ዎቹ መንገዶቿ በትናንሽ የግል አውቶቡሶች ተጨናንቀው ነበር። ኩባንያዎቹ የመስመር ፈቃድ ይይዛሉ፣ አውቶቡሶቹ ግን የየግለሰቡ ናቸው፤ ሾፌሩ የሚያገኘው በጫነው ሰው ልክ ነው። ስለዚህ ሁለት አውቶቡስ አንድ መስመር ላይ ከተገናኙ ውድድር ነው፤ አንዱ ሌላውን ቀድሞ ቀጣዩን ተሳፋሪ ለማንሳት ይሽቀዳደማል፣ መሃል መንገድ ላይ ድንገት ይቆማል። የከተማዋ ሰው ይህንን «የሳንቲም ጦርነት» ይለዋል። የእኛም ሾፌር ለባለንብረቱ በየቀኑ ማስገባት ያለበት «ገቢ» አለ፤ ከዚያ የተረፈችው ናት የእሱና የረዳቱ እንጀራ። የቦጎታን ሾፌር በሞገደኛነት የሚወቅስ ሰው የሒሳቡን አሠራር አላየም። ክፍያው እንደዚያ እስከሆነ ድረስ ጨዋ ሾፌር ማታ ባዶ እጁን ይገባል።

ኤንሪኬ ፔኛሎሳ በ1998 የቦጎታ ከንቲባ ሲሆን የተሰጠው ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ነበር። የሚመራበት ስሌት ቀላል ነው፦ በሕግ ፊት ሰው ሁሉ እኩል ከሆነ፣ ሰማንያ ሰው የጫነ አውቶቡስ አንድ ሰው ከያዘ መኪና የሰማንያ እጥፍ የመንገድ ድርሻ ይገባዋል። ይህ አባባል ለዲሞክራሲ ንግግር ያህል ይመስላል፤ በቦጎታ ግን አርማታ ሆኖ ፈሰሰ። ትራንስሚሌኒዮ የሚባለው ሥርዓት በታኅሣሥ 2000፣ ከንቲባው ሥልጣን ከማስረከቡ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ሥራ ጀመረ።

ቦጎታ ለኩሪቲባ የጨመረችው ትልቁ ነገር የመቅደሚያ ረድፍ ነው። ጣቢያዎቹ አጠገብ ለአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ ስላለ ፈጣኑ አውቶቡስ የቆመውን አልፎ ይሄዳል፤ አንዱ በየጣቢያው ይቆማል፣ ሌላው ዋና ዋናዎቹ ላይ ብቻ። በዚህ ዘዴ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት ከ40 ሺህ ሰው በላይ ማንሳት ተቻለ፤ ይህ ብዙ የምድር ውስጥ ባቡሮች የማይደርሱበት ቁጥር ነው። አውቶቡሶቹ የመንግሥት አይደሉም። የግል ኩባንያዎች ተጫርተው በኪሎ ሜትር ይከፈላቸዋል፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎችም የድሮዎቹ የአውቶቡስ ባለንብረቶች ተባብረው ያቋቋሟቸው ናቸው። አንድ አዲስ ተጣጣፊ አውቶቡስ ወደ ሥራ ለማስገባት አሮጌዎቹን እየገዙ መቆራረጥ ግዴታ ነበር። ከኮረብታዎቹ ላይ ካሉት ድሃ ሰፈሮች ሰውን የሚያወርዱ መጋቢ አውቶቡሶች ተጨማሪ ክፍያ አያስከፍሉም።

ለጥቂት ዓመታት ዓለም ሁሉ ወደ ቦጎታ ጎረፈ። ከዚያ ችግሩ ተከተለ። በአንዱ መስመር ላይ የተነጠፉት የአርማታ ሰሌዳዎች ከታች የተሞላው ነገር ስላልያዛቸው ከጊዜያቸው ቀድመው ተሰነጣጠቁ። ሦስተኛው ምዕራፍ በኮንትራት ሙስና ተጨማለቀና የወቅቱ ከንቲባ በ2011 ከሥራ ታገደ። ከተማዋ አዲስ መስመር የመሥራት ፍጥነቷን ስትቀንስ ተሳፋሪው አልቀነሰም፤ ጣቢያዎቹ ሰው ለሰው የሚተፋፈግባቸው ሆኑ። በመጋቢት 2012 ተማሪዎችና ተሳፋሪዎች ተቃውሞ ወጥተው መስመሩን ዘጉ፣ ጣቢያዎችን ሰባበሩ። ቦጎታ ዛሬ የመጀመሪያ የሜትሮ ባቡሯን እየሠራች ነው። ይህንን የቢአርቲ ሽንፈት አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። በየቀኑ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሰው የሚያንቀሳቅስ ነገር በመጨናነቁ የሚከሰሰው ሰው ስለሚፈልገው ነው። ጥፋቱ ማስፋቱን ማቆም ላይ ነው።

ከቦጎታ በኋላ እስያ ተከተለች። ጃካርታ በጥር 2004 የመጀመሪያ መስመሯን ከፍታ ዛሬ በርዝመት ከዓለም የሚተካከላት የሌላት መረብ አላት፤ ለዓመታት ግን ሞተር ብስክሌቶችና መኪኖች ረድፉ ውስጥ እየገቡባት ተቸግራለች። ኢስታንቡል ሜትሮ ባሷን በቦስፎረስ ድልድይ ላይ አሳልፋ ሁለት አህጉር አገናኘችበት። የቻይናዋ ጓንግዡ በ2010 የከፈተችው አንድ መስመር ብቻውን በቀን 800 ሺህ ሰው ያህል አስተናግዷል።

ዴልሂ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን። በ2008 ወደ ስድስት ኪሎ ሜትር የምትጠጋ የሙከራ መስመር ከፈተች፤ አውቶቡስ በመሃል፣ ሌላው በዳር። ጠዋት ጠዋት የመኪና ባለቤቶች ተሰልፈው ቆመው በባዶ ረድፍ አውቶቡስ ሲያልፍ ያያሉ፤ ቁጣው የተነሳው ከዚያ ነው። እርግጥ አውቶቡሶቹ ሲያልፉ ረድፉ ባዶ ይመስላል፤ ይህ ሥርዓቱ እየሠራ የመሆኑ ምልክት ነው። የመኪና ሰልፍ ግን ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው የያዘ ይመስላል። ጋዜጦቹና ቴሌቪዥኖቹም ያዩት የመኪናውን ሰልፍ ነው፤ ጋዜጠኛውም በመኪና ነበርና የሚመላለሰው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2012 ረድፉ ይነሣ የሚለውን አቤቱታ ውድቅ አደረገ። ሆኖም ፖለቲካው አልቆመም፤ በ2016 መስመሩ ፈረሰ። በአውቶቡስ የሚሄደው ብዙ ሰው ድምፁን የሚያሰማበት መድረክ አልነበረውም።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ ታሪኩ ይበልጥ የእኛን ይመስላል፤ እዚህ የከተማ ትራንስፖርት ማለት በአብዛኛው ሚኒባስ ነውና። ሌጎስ በ2008 ከማይል 12 እስከ ሌጎስ ደሴት 22 ኪሎ ሜትር ዘረጋች፤ ቅንጡ ጣቢያ የላትም፣ ገንዘብ በፈቀደ መጠን በጠርዝና በቀለም ረድፉን ለየች። ቢጫዎቹን ዳንፎ ሚኒባሶች የሚነዱት ሰዎች ማኅበር ብርቱ ነው፤ ከተማዋ ይህንን ማኅበር ከውጭ አላስቀመጠችም። የመጀመሪያዎቹን አውቶቡሶች ያንቀሳቀሰው የዚያው የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር ያቋቋመው ኅብረት ሥራ ነበር።

ጆሃንስበርግ ላይ ነገሩ ደም ነካው። የደቡብ አፍሪካ ሚኒባስ ታክሲ በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሮች ከከተማ ርቀው እንዲኖሩ ስለተገደዱ የተወለደ ንግድ ነው፤ በ1980ዎቹ ማብቂያ ገበያው ሲለቀቅ በጠመንጃ የሚጠበቅ ሆነ። ከተማዋ ለ2010 የዓለም ዋንጫ ስትዘጋጅ ሶዌቶን ከመሃል ከተማ የሚያገናኝ ሬያ ቫያ የተባለ ቢአርቲ ጀመረች። ስሙ በሶቶ ቋንቋ «እየሄድን ነው» ማለት ነው። አገልግሎቱ በነሐሴ 2009 መጨረሻ በተከፈተ በቀናት ውስጥ አውቶቡስ ላይ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰዎች ቆሰሉ። የከተማው አስተዳደር ግን ድርድሩን አላቋረጠም። ወራት የፈጀ፣ ብዙ ጊዜ ሊበጠስ የደረሰ ንግግር ነበር፤ ማን ስንት ታክሲ አለው፣ በየትኛው መስመር፣ በወር ስንት ያተርፋል፣ ታክሲውን ቢያስረክብ ምን ያህል ድርሻ ይደርሰዋል። በ2011 መጀመሪያ ላይ ከ300 በላይ ባለታክሲዎች መኪናቸውን አስረክበው የአውቶቡስ ኩባንያው ባለአክሲዮን ሆኑ። ትናንት እንደ ጠላት ያዩት አውቶቡስ ንብረታቸው ሆነ። ከዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ልቤን የሚነካው ይህ ነው። ርካሽ አልነበረም፤ ሶዌቶ ከመሃል ከተማ ስለሚርቅ አውቶቡሶቹ ጠዋት ሞልተው ይሄዱና ባዶ ይመለሳሉ፤ አፓርታይድ የተከለው ርቀት ዛሬም በትኬት ይከፈላል።

ለእኛ ቅርቧ ዳሬሰላም ናት። እዚያ ሚኒባሱ ዳላዳላ ይባላል። በ2016 ግንቦት በሞሮጎሮ መንገድ ላይ ሥራ የጀመረው ቢአርቲ 21 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሕዝቡ «ምዌንዶካሲ» አለው፣ በስዋሂሊ «በፍጥነት የሚሄድ» እንደማለት። ከኪማራ እስከ ወደቡ አካባቢ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅ የነበረው ጉዞ ከአንድ ሰዓት በታች ወረደ። የዳላዳላ ባለንብረቶች ማኅበራትም በአንቀሳቃሹ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ተሰጣቸው። በ2018 ከተማዋ ዓለም አቀፍ የዘላቂ ትራንስፖርት ሽልማት ተሸለመች። ነገር ግን ዋናው ዴፖ የተሠራው ጃንግዋኒ ላይ ነው፣ ምሲምባዚ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ። የአካባቢው ሰው ውሃ እንደሚመጣ ያውቃል። ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ዴፖው ይጥለቀለቃል፣ አውቶቡሶች ይበላሻሉ፣ መንገዱ ይዘጋል። ከመነሻው የተገዙት 140 አውቶቡሶች ለተሳፋሪው እያነሱ ሄዱ፤ ወደ ምባጋላ የሚወስደው የሁለተኛው ምዕራፍ መንገድ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ረጅም ጊዜ አውቶቡስ ጠበቀ። ጣቢያው ሰፊ፣ ረድፉ ንጹሕ፣ የሚሄድበት ግን አልነበረም። መንገድ የሚሠራውና አውቶቡስ የሚገዛው ክፍል ሲለያይ የሚመጣ ነገር ነው።

ናይሮቢ በ2018 በቲካ መንገድ ላይ ቀይ መስመር ቀብታ ወሬው ከቀለሙ ቀድሞ ደበዘዘ። ዳካር ግን አስደሰተችን። በ2024 ሥራ የጀመረው የሴኔጋሏ ዋና ከተማ ቢአርቲ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 121ዱም አውቶቡሶች ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን። አዲስ አበባ አውቶቡስ ያወቀችው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። ጣሊያን ጥሎት በሄደው ተሽከርካሪ የተጀመረው አገልግሎት አንበሳ አውቶቡስ ሆነ፤ ቀዩና ቢጫው ቀለም ለብዙዎቻችን ከተማዋ ራሷ ነች። አጠገቡ ትናንሽ ሴቼንቶዎች ነበሩ፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥባቸው ስማቸውን ያገኙት ውይይቶችም ነበሩ። ከዚያ ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ከተማውን ጠቀለለው፤ ቅጥቅጥና ሃይገር ተከተሉ፤ ሸገር አውቶቡስ ቆይቶ መጣ። ታፔላ ተለጠፈ፣ ስምሪት ተደለደለ። ይህ ሁሉ ሲጨመር ግን አንድ ነገር አልተቀየረም፤ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ጠርዝ ነው የሚሻሙት። ከከተማዋ ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ በእግር ነው። የሚራመደው ሁሉ መራመድ ወዶ አይደለም፤ የታክሲ ሒሳብ የከበደው ብዙ ነው።

ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2015 ሲጀምር ከተማዋ ሁሉ ወጥቶ ነበር ያየው። 34 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት መስመር፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛው የቻይና ብድር። ሥራውን አላጣጥልም፤ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ሰው በትንሽ ሳንቲም ደረሰ። ይሁን እንጂ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ወጡ፤ መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል። የመስመሩ አጥርም ሰፈርን ከሰፈር ከፈለ፤ ትናንት መንገዱን ተሻግሮ ዳቦ የሚገዛ ሰው ዛሬ እስከ ድልድዩ ድረስ ይሄዳል። ቢአርቲን የሚያስብ ሰው ይህንን ማየት አለበት፤ ጣቢያው መሃል ላይ ስለሆነ እያንዳንዱ ተሳፋሪ፣ ወደ ጣቢያው ሲሄድም ሲመለስም፣ ግማሽ መንገድ በእግሩ መሻገሩ አይቀርም። ማቋረጫው ለቸኮለ ወጣት ብቻ ከተሠራ መንገዱ ሰው ይገድላል።

ከተማዋ በማስተር ፕላኗ ላይ በርካታ የቢአርቲ መስመሮችን ነድፋለች። ከእነሱ ብዙ ርቀት የሄደው ቢ 2 የተባለው ነው፤ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ የታሰበ፣ ከዊንጌት ተነስቶ ከተማዋን አቋርጦ ጀሞ የሚደርስ። ስለ እሱ ሲወራ የሰማሁባቸው ዓመታት ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት የሚገባባቸው ዓመታት ናቸው። በዚህ መሃል የአውቶቡስ ብቻ ረድፎች በአንዳንድ መንገዶች ላይ ተቀብተዋል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲቆም ይከበራሉ፣ ሲሄድ ይወረራሉ። የኮሪደር ልማቱ በርካታ ጎዳናዎችን አስፍቷል፣ የእግረኛውን መንገድም ከነበረበት አሻሽሏል። በጥር 2024 በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ ኃይላችን ደግሞ ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ለተቀመጠች፣ አቀበት ለበዛባት ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አውቶቡስ እንደ ኪቶ ሁሉ የሚስማማ ነው። መንገዱ አለ፣ ጉልበቱ አለ።

የቀረው ቆጠራ ነው። ከዊንጌት እስከ ጀሞ ዛሬ ስንት ሚኒባስ ይሠራል? የስንቱ ባለቤት መኪናውን በብድር ገዝቶ ዕዳው አላለቀም? ስንት ሾፌር፣ ስንት ረዳት፣ ስንት ተራ አስከባሪ ከዚህ መስመር ቤቱን ያስተዳድራል? ጆሃንስበርግ በድርድሯ ውስጥ ይህንን መሰል ዝርዝር ጽፋለች። እኛ ጋ ረዳቱ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም፤ ከንጋት እስከ ምሽት በበሩ ተንጠልጥሎ ከተማዋን ሲያመላልስ ውሎ፣ ስለ አዲሱ አውቶቡስ በሚደረግ ስብሰባ ላይ ወንበር የሚያዝለት አንድም ሰው አላየሁም። ማኅበራቱ ባለንብረቶችን ይወክላሉ። የትኬት መቆጣጠሪያ በር ላይ፣ ጣቢያ ውስጥ፣ መጋቢ መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ግን ያስፈልጋል፤ የሰፈሩን ስም ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ፣ ሕዝቡን በአንድ እይታ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ሠራዊት የተሻለ የት ይገኛል?

ያን ምሽት ሜክሲኮ ላይ ሰልፉን ትቼ ልሄድ ስል አንድ ሚኒባስ ደረሰ። ረዳቱ ከመቆሙ በፊት ዘሎ ወረደ፣ ዕድሜው ከሃያ አይበልጥም፣ ድምፁ ተዘግቷል። «ጀሞ! ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት!» ተራ አስከባሪው መቁጠር ጀመረ። አሥራ አንደኛዋ ሴት ሕፃን አዝላ ነበር፤ ረዳቱ ዘንቢሏን ተቀብሏት «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለና ቦታ አስለቀቀላት። አሥራ ሁለተኛው ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ሃምሳ ሜትር ሄዶ ከሌሎቹ መኪኖች ኋላ ቆመ።